ለዘማች አባት ብርድ ልብስ፣ በአሮጌ ሲንጀር

ጅዳ ሠርታ የምታድር ልጅ ለአባቷ ብርድ ልብስ ልላክ ካለች ገበያው ሞልቷል፤ ይሞቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። በ1969 እና 70 ዓ.ም. ኦጋዴን ለዘመቱ አባት ግን በስማቸው የተሰፋ ቢሆን ይበልጣል። አሜሪካ ውስጥ ልጇ ኢራቅ የዘመተባት ካትሪን ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ2003 ለዘማቾች ከቁራጭ ጨርቅ የተጋጠመ ብርድ ልብስ መስፋት ጀመረች፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፊዎች ተከትለዋታል።

የስፌት መኪናውን በተመለከተ፣ አሮጌ የእጅ ሲንጀር ብታገኙ ምረጡት። መብራት አይፈልግም፣ ጠባብ ክፍል ይበቃዋል፣ አገር ስትገቡም መተዳደሪያ ይሆናል። ሞተር ያለው ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የተጻፈበትን ቮልት አንብቡ። በሳዑዲ ቤቶች 127 ቮልት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ስለኖረ፣ 110 ወይም 127 የሚል መኪና አዲስ አበባ 220 ላይ ሲሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። የእግር መኪና ከሆነ የብረት እግሩን እዚያው ተዉት፤ ጭንቅላቱ ብቻውን ከ10 ኪሎ በላይ ነው፣ ጠረጴዛና ፔዳል አገር ቤት አይጠፋም።

መዘውሩ ቢከብድ ቶሎ አትሽሹ። ብዙ ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው፤ ላምባ ጠብ አድርጋችሁ ካሟሟችሁት በኋላ የስፌት መኪና ዘይት ስጡት። የወጥ ዘይት ግን ሙጫ ሆኖ ይቀራል። የራሳችሁን ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሄዳችሁ ስፉበት። ክሩ ከጨርቁ ሥር ከተተበተበ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር አገባብ ነው የተበላሸው፤ እሱን ሳታዩ ቦቢኑን አትነካኩ።

ዋናው ምክሬ ይኸውና፦ ሙሉውን ብርድ ልብስ መኪናው ሥር አታስገቡ። የአሮጌ መኪና ክንድ አጭር ነው፤ ሦስት ድርብ ጨርቅ፣ መሐሉ ጥጥ፣ ተጠቅልሎ አያልፍም። መካ ኡሙል ጁድ ያለው የኪስዋ (የካዕባ መሸፈኛ ልብስ) ፋብሪካ እንኳ 14 ሜትር ቁመት ያለውን ልብስ በ47 ክፍል ሠርቶ ነው የሚያጋጥመው። ኪስዋውን ለመግጠም ግን 16 ሜትር የሚረዝም መኪና አላቸው፤ እናንተ የላችሁም። ስለዚህ ርዝመቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ካሬ በካሬ ሥሩ፣ እያንዳንዱን ከመሐል ወደ ዳር ስፉ፣ መጨረሻ ላይ አጋጥሙ። የዕረፍት ቀን አንድ ካሬ ያስጨርሳል፣ ሌላው ቀን ቢቀርም የሚበላሽ ነገር የለም።

የጥጥ ጨርቁን ሳትቆርጡ እጠቡት፤ ኋላ ከታጠበ ይሸበሸባል። ካሬዎቹ እኩል ካልሆኑና ቀለሙ ከሦስት ካለፈ ድሪቶ ይመስላል፣ አባትም አደባባይ ላይ አይለብሱትም። ስማቸውን በጥልፍ ስታወጡ የኪስዋ ጠላፊዎች እንደሚያደርጉት ከፊደሉ ሥር የጥጥ ክር ደልድሉ፤ ጽሑፉ ብቅ ይላል።

ከስማቸው ጋር የምትጠልፉትን የጦር ክፍላቸውን ስምና የዘመቱበትን ዓመት ግን ከወንድም ከእህት አትጠይቁ። ለራሳቸው ደውሉ፣ በዚህ ሳምንት።