ፋይሉ እያለ «የለም» ሲለን

የደንበኛዬ ድረ ገጽ ሌሊት ቆመ። ምክንያቱን ለማወቅ የሰርቨሩን ሎግ ከማክ ላፕቶፔ በኤስኤስኤች የሚያነበውን ስክሪፕት ሳስነሳ «ፋይሉ የለም» አለኝ። ሰርቨሩ ውስጥ ራሴ ገብቼ ሳይ ግን ፋይሉ አለ!

ስህተቱ ፓዙ መጀመሪያ ላይ ያለችው ~ ነበረች። ትዕዛዙ ገና ሳይላክ የላፕቶፔ ሼል ወደ ራሴ ሆም ፎልደር ቀየራት። የማክ ሆም ፎልደር ያለው «ዩዘርስ» ሥር ነው፤ የሊኑክሱ ሰርቨር ግን «ሆም» ሥር። ስለዚህ ሰርቨሩን የጠየቅኩት እሱ ጋ የሌለ ፎልደር ነው።

መፍትሔው፦

1. ወደ ሰርቨሩ የሚላከውን ትዕዛዝ በሙሉ በነጠላ ጥቅስ (' ') ክበቡት። ያኔ ~ እና * የሚተረጎሙት እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው።
2. ከተቻለ በ / የሚጀምር ሙሉ ፓዝ ጻፉ።

ፋይል ጠፋ ሲላችሁ መጀመሪያ «ይህን ፓዝ የተረጎመው የትኛው ማሽን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።