የቆመውንም አትመነው

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ በነፋስ ተርባይን ቴክኒሻንነት ሰሜን ስዊድን ተመድቤያለሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ይገባል አሉኝ። በረዶው የተርባይኑን ክንፍ እንዴት ያደርገው ይሆን?

ጋሼ፦ 30 ሲገባስ አየሩ ደረቅ ነው፣ ብዙም አያሰጋም። ፍራ የምልህ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጉም ኮረብታውን ሲሸፍነው ነው። የጉሙ ጠብታ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ውሃ እንደሆነ ይቆያል፤ ክንፉ ሲነካው ግን እዚያው ይጋገራል። ነጭ፣ ሸካራ ሆኖ በፊተኛው ጠርዝ ላይ ይከመራል። ጫፉ ላይ ይብሳል፤ ጫፉ በሰዓት እስከ 290 ኪሎ ሜትር ስለሚከንፍ ብዙ ጠብታ ያገኛል።

ወጣቱ፦ በምን ይታወቃል?

ጋሼ፦ ነፋሱ እያለ ኃይሉ ይወርዳል። የነፋስ መለኪያው ራሱ በረዶ ከያዘው ግን ያሳስትሃል። ክንፎቹ እኩል ካልከበዱ ማማው ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታው ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ወጣቱ፦ ሰውስ?

ጋሼ፦ ዋናው እሱ ነው! ስዊዘርላንድ ውስጥ ጉች በሚባል ተራራ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአንድ ተርባይን የወደቀውን በረዶ ተመራማሪዎች እየዞሩ ለክተውታል። ከባዱ ቁራጭ 1.8 ኪሎ ነበር፤ የራቀው 92 ሜትር ሄዷል። ያውም ዛሬ ከሚተከሉት ጋር ሲተያይ ትንሽ ተርባይን ነው። ለጥንቃቄ የማማውን ቁመትና ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩትን ክብ ዲያሜትር ደምረህ በ1.5 አባዛው። ሁለቱም 100 ሜትር ከሆኑ 300 ሜትር ራቅ።

ወጣቱ፦ ከቆመ ግን አደጋው አለፈ ማለት ነው?

ጋሼ፦ በጭራሽ! የቆመው ቁልቁል ይጥላል፣ ነፋስም ይገፋዋል። የማማው በር ደግሞ ያለው እዚያው ሥር ነው። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ የምትወጣበት ቀን ነው፤ በረዶው የሚለቀው ያኔ ነው፣ ሰውም «ዛሬስ ብራ ነው» ብሎ ከመኪናው የሚወርደው ያኔ ነው።

ወጣቱ፦ ማሞቂያ አላቸው ይባላል እኮ።

ጋሼ፦ አንዳንዱ በክንፉ ውስጥ ሙቅ አየር ይነፋል፤ ሌላው ጠርዙን በኤሌክትሪክ ያሞቃል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የላላው በረዶ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ልጄ፣ ከመጠጋትህ በፊት ለቁጥጥር ክፍሉ ደውል። ያቁሙት፣ ክንፎቹንም ከበሩ ወዲያ ማዶ ያዙሩልህ። ከሩቅ በመነጽር ሦስቱንም ክንፍ እየው። ንጹሕ መሆናቸውን ሳታይ እንዲያስነሱት አትፍቀድ። ከተጠራጠርክ መኪናህን አዙረህ ተመለስ፤ ሥራው ለነገ ይደር።