ያለ ስማርት ስልክ የመግቢያ ኮድ ማውጣት

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅዳ፣ ዓዚዚያ ነው። ስልኬ ባለ ቁልፍ ነው፤ ኮምፒውተር ግን አለኝ። የጂሜይሌን የመግቢያ ኮድ በእሱ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ይችላሉ። ኮዱ የሚሰላው ከምስጢር ቁልፍና ከሰዓት ስለሆነ ስልክ ግዴታ አይደለም። ኪፓስኤክስሲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። ጉግል የኪውአር ምስል ሲያሳይዎ ምስሉን ማንበብ እንደማይችሉ የሚገልጸውን አማራጭ ይምረጡ፤ በጽሑፍ የሚመጣውን ቁልፍ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገቡ። በየ30 ሰከንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ያገኛሉ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከተዛባ ግን ኮዱ አይሠራም። የሳዑዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት የሆነው አብሽር በአጭር መልእክት የሚልከውን ኮድም ፕሮግራሙ አያወጣም፤ ለዚያ የተመዘገበው ሲም ያስፈልጋል።

በቀጣሪዎ ወይም በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ይህን በፍጹም አያድርጉ። ጉግል የሚሰጥዎትን 10 የመጠባበቂያ ኮዶችም ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ።