የአሮዋናን ጫጩት በቤት ውስጥ ስለ ማሳደግ

የአማዞን ወንዝ ሞልቶ ዳርቻውን ሲያልፍና ደኑን ሲያጥለቀልቅ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ከውሃው ገጽ ሳይርቅ የሚያድን፣ ቅርፊቱ የብር መልክ ያለው፣ ከታችኛው መንጋጋው ጫፍ ሁለት ጢም የወጣለት ረዥም ዓሣ አለ፤ እርሱም የብር አሮዋና ይባላል። የዚህ ዓሣ እናት እንቁላሏን ስትጥል አባትየው በአፉ ይቀበለዋል፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ፣ በሆዳቸው የተሸከሙትን አስኳል እስኪጨርሱ ድረስ፣ በጠቅላላው ሁለት ወር ያህል በአፉ ውስጥ ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ ጫጩቱን ገዝቶ በቤቱ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው የዚህን አባት አደራ የሚረከብ ስለ ሆነ፣ ዓሣውን ከመፈለጉ አስቀድሞ ውሃውን ማዘጋጀት ግዴታው ነው።

ከዓሣው ወገኖች መካከል የትኛውን እንደምንናገር ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። የእስያው አሮዋና እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውል በጥብቅ ከሚጠበቁት ፍጥረታት ጋር የተቈጠረ ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳያስገባው ሕግ ይከለክለዋል። በአገራችን በባሮ ወንዝ የሚገኘው አፍሪካዊው ዘመዱ ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ሕያዋን እያጣራ የሚመገብ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የሚነገረው የአመጋገብ ሥርዓት አይስማማውም። ስለዚህ ነገራችን ስለ ብሩ አሮዋና ብቻ ነው።

ለጫጩቱ የመጀመሪያ ማደሪያ የሚሆነው የመስተዋት ገንዳ ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው 45 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ይህም 240 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፣ መቆሚያው ይህን ክብደት የሚችልና በውሃ ልክ የተስተካከለ፣ ከመስኮት ፀሐይና ከሚደበደብ በር የራቀ ይሁን። ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ከተከሉ በኋላ ሙቀቱን ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማድረግና በቴርሞሜትር መከታተል ይገባል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ ደጋ ለሚኖር አሳዳጊ ያለ ማሞቂያ ይህን ዓሣ ማሰብ ከንቱ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት፣ ክሎሪን የሚያመክነውን መድኃኒት ሳይጨምሩ ወደ ገንዳው ማስገባት አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠውን ትዕግሥት የሚጠይቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎችም አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ እሱም ገና መርዝ ነውና፣ ሌሎቹ ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀለለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ዓይን የማያያቸው አገልጋዮች በአንድ ጀምበር አይራቡም፤ ስለሆነም ዓሣ ሳይገባ በየቀኑ ቁንጣሪ ምግብ እየጣሉ ማጣሪያውን መዓልትና ሌሊት ሳያቋርጡ ማሠራት፣ ውሃውንም በመመርመሪያ ፈሳሽ እየለኩ አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ጤነኛ ዓሣ ካለው ወዳጅ ያገለገለ የማጣሪያ ስፖንጅ ያገኘ ሰው ግን ጊዜውን ሊያሳጥር ይችላል። ሱቁ ዛሬውኑ ሁሉን ገዝቶ ዓሣውንም ዛሬውኑ ማስገባት ይቻላል ቢል፣ አይስሙት።

ክዳኑ ከባድ ይሁን፤ የቧንቧና የሽቦ ማለፊያውም ሁሉ ይደፈን። አሮዋና በተፈጥሮው ከቅርንጫፍ ላይ ነፍሳትን ዘሎ የሚይዝ ነውና፣ ጣት በምታስገባ ቀዳዳ እንኳ ጫጩቱ ሊወጣ ይችላል።

በግዢ ጊዜ፣ በአንዳንድ ስፍራ ዓሣ አጥማጆች ጫጩቶቹን ከአፉ ለማውጣት አባቱን ስለሚገድሉት፣ በእርባታ የተገኘውን ጠይቆ መምረጥ የሕሊና ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። አስኳሉን የጨረሰ፣ ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ሁለቱም ጢሞቹ ያልተቈረጡ፣ የስንጥቡ ክዳን ሳይጠቀለል የሚገጥም፣ ዓይኑ ወደ ታች ያልዘመመ ይመረጥ፤ ሻጩም በፊትዎ ያብላው። ቤት ሲደርሱ መብራቱን አጥፍተው ፌስታሉን እንደ ታሰረ 20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ላይ ያንሳፍፉት፤ ከዚያ ፈትተው በየጥቂት ደቂቃው አንድ ስኒ የገንዳ ውሃ እየጨመሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለማምዱት፤ በመጨረሻም የሱቁን ውሃ ሳያስገቡ ዓሣውን ብቻ ያሳልፉት።

በመጀመሪያው ቀን ባይበላ አያስደንግጥ። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በጥቂቱ፣ ከውሃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፍ ምግብ ይሰጠው፦ የትንኝ እጭ፣ ትናንሽ ፌንጣ፣ ተከትፎ የቀረበ ሽሪምፕ። ፌንጣው ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ የተያዘ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ገና በጫጩትነቱ የተዘጋጀውን ተንሳፋፊ የዓሣ መኖ ከሌላው ጋር እያቀላቀሉ ማስለመድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በአንድ ዓይነት ምግብ ያደገ አሮዋና ሌላውን ሁሉ እንቢ የማለት ጠባይ አለውና። ሕያው ወርቅማ ዓሣ መስጠት የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ ጥገኛ ተውሳክ ከማምጣቱ ሌላ፣ በሥጋው ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለበት። የተረፈው ምግብ ሳይበሰብስ ወዲያው ይነሣ።

በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ያህል፣ ሙቀቱ የተስተካከለና ክሎሪኑ የመከነ ውሃ አዘጋጅቶ መተካት ነው፤ ስፖንጁን ግን በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ማለቅለቅ ይገባል፤ አለዚያ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈንና በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ማጣሪያው እስኪመለስም ምግብ አይስጡት።

በዚህ ሥርዓት የተያዘ ጫጩት በአንድ ዓመት ከ40 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ሲጎለምስም አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ 240 ሴንቲሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ገንዳ የሚያቆምበት ስፍራ የሌለው ሰው ከመጀመሪያው ሌላ ዓሣ ይምረጥ። ማዛወሪያው ቀን ሲደርስ፣ መረብ ቅርፊቱንና ጢሙን ስለሚጐዳ፣ መብራቱን ቀንሰው ሰፊና ወፍራም ፌስታል ውሃው ውስጥ ከፍተው ያስገቡትና ከነውሃው አንሥተው ያሻግሩት፤ የቀድሞውንም ማጣሪያ ከአዲሱ ጎን አብሮ እንዲሠራ ጥቂት ሳምንት ይተዉት።