ድምፁ የት ይቈጠር?

ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፤ መንግሥት ያስፈጽማል የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ካቢኔ የምክር ቤቱን ድጋፍ አጥቷል ሲባል፣ ማጣቱን የሚመሰክረው ማን ነው? ይህን ለመመርመር ከህንድ ክፍለ ግዛቶች አንዷ የሆነችው ካርናታካ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች።

በህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 164 እንደ ተደነገገው፣ የክፍለ ግዛት ሚኒስትሮች በኅብረት ተጠያቂነታቸው ሕዝብ ለመረጠው ምክር ቤት ነው። አገረ ገዥው ግን በምርጫ አይመጣም፤ የሚሾመው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። ፕሬዚዳንቱም የክፍለ ግዛቱ አስተዳደር በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሊቀጥል አልቻለም ብሎ ሲያምን፣ በአንቀጽ 356 ሥልጣኑን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ለማዞር ይችላል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኤፕሪል 1989 ዓ.ም. 19 የካርናታካ ምክር ቤት አባሎች ለዋናው ሚኒስትር ለኤስ. አር. ቦማይ የነበራቸውን ድጋፍ አንሥተዋል የሚሉ ደብዳቤዎች ለአገረ ገዥው ቀረቡ። ወዲያው ከእነዚሁ መካከል ሰባቱ «ፊርማችን የተወሰደው በማታለል ነው» ሲሉ ጻፉ። ቦማይም ምክር ቤቱ ይጠራና ድምፅ ይሰጥ ብሎ ጠየቀ። አገረ ገዥው አልተቀበለውም። በዚያው ወር በ21 ካቢኔው ተሻረ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ።

እንግዲህ ልብ በሉ! በጓዳ የተፈረመ ወረቀት ለምን እንደ ተፈረመ ጠያቂ የለውም። በአዳራሽ የተሰጠ ድምፅ ግን ክርክር ይቀድመዋል፤ መራጩም ይሰማዋል። (በተማሪዎች ስብሰባም ቢሆን፣ ሌሊቱን በየመኝታ ቤቱ ፊርማ ሲለቅም ያደረ ሰው በማግሥቱ በጉባኤ ፊት ደጋፊ ሲያጣ ያየ አይጠፋም።)

በ1994 ዓ.ም. ዘጠኝ ዳኞች የተሰየሙበት የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የካቢኔ ድጋፍ የሚፈተነው በአገረ ገዥው የግል አስተያየት ሳይሆን በምክር ቤቱ አዳራሽ ነው ሲል ፈረደ። የፕሬዚዳንቱንም ዐዋጅ ፍርድ ቤት ሊመረምረው እንደሚችል ገለጸ። ለቦማይ መንግሥት ግን ፍርዱ ዘግይቶበታል፤ በ1989 መጨረሻ አዲስ ምርጫ ተደርጎ ነበርና።

ሌላም ነገር አለ። በ1985 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ በተጨመረው ደንብ፣ ከፓርቲው ትእዛዝ ውጭ ድምፅ የሰጠ አባል ወንበሩን ሊያጣ ይችላል። በእኔ አስተያየት ይህ ደንብ የድጋፍን ሽያጭ ለመከልከል ሲል ካቢኔውን በምክር ቤቱ ላይ ከልክ በላይ አበርትቶታል። የተለየ አሳብ ያለው አንባቢ በሚመጣው እትም ቢጽፍበት ደስ ይለኛል።