ትምህርት 18፦ ለአቶሚክ ቦምብ ከተሞች እንዴት ተመረጡ?

ባለፈው ትምህርታችን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንብበናል። ትምህርቱ ሲያበቃ አንድ አዛውንት ተማሪያችን፣ «ልጆቼ፣ ጃፓን ብዙ ከተማ ያላት አገር ናት ብላችኋል። ታዲያ እነዚያ ሁለቱ ተለይተው የተመቱት ምን ቢያደርጉ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ያን ዕለት በቂ መልስ አልነበረንም። መጽሐፍ አገላብጠን ያገኘነውን እነሆ ጽፈንላችኋል።

የመራጮቹ ስብሰባ

በ1937 ዓ.ም. አሜሪካ ከጃፓን ጋር ትዋጋ ነበር። አዲሱ ቦምብ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ቢሆንም ሚያዝያ 19 ቀን የጦር መኰንኖችና የሳይንስ ሊቃውንት የት እንደሚጣል ለመምከር ተሰበሰቡ። በግንቦት ወርም ደግመው ተገናኙ። እንዲህ ያለ ከተማ እንፈልጋለን አሉ፦

1ኛ. ሰፊ የሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚያስኬድ። ይህ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

2ኛ. ለጦርነቱ የሚጠቅም ነገር ያለበት፣ የቦምቡም ነፋስ በደንብ የሚያፈርሰው።

3ኛ. በሌላ ቦምብ ገና ያልተቃጠለ።

ሦስተኛው ነገር ለምን አስፈለገ? ቶኪዮና ሌሎች ብዙ ከተሞች ቀድሞውኑ ነደው ነበር። የፈረሰን ቤት ደግሞ ቢያፈርሱት የአዲሱ ቦምብ ኃይል አይለይም። ስለዚህ የተመረጡት ከተሞች በሌላ ቦምብ እንዳይመቱ ተደረገ። አያችሁ፣ ያ ዝምታ ምሕረት አልነበረም።

ማን ገባ? ማን ወጣ?

በመጀመሪያው ዝርዝር ኪዮቶ፣ ሂሮሺማ፣ ዮኮሃማ፣ ኮኩራና ኒጋታ ነበሩ። በሂሮሺማ የጦር ሠራዊት መምሪያ ነበር። በዙሪያዋ ያሉት ኮረብቶችም የቦምቡን ጉዳት ያብሱታል ተብሎ ተጻፈ።

ኪዮቶ የጃፓን የጥንት መናገሻ፣ ብዙ ቤተ መቅደስ ያለባት ከተማ ናት። የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር የነበሩት ሄንሪ ስቲምሰን ቀደም ሲል ጐብኝተዋታል። እሷን ብንመታ ሕዝቡ ለዘለዓለም ይቀየመናል ብለው ተከራከሩ። ፕሬዚዳንት ትሩማንም ተስማሙ። ኪዮቶ ስትወጣ ናጋሳኪ ገባች። ዮኮሃማም ቀደም ብላ ወጥታ ነበር። ሐምሌ 18 ቀን በወጣው ትእዛዝ ሂሮሺማ፣ ኮኩራ፣ ኒጋታና ናጋሳኪ ተጻፉ። ቦምቡም የሚጣለው አየሩ ጠርቶ ከተማው በዓይን ሲታይ እንዲሆን ታዘዘ።

ደመና ያዳናት ከተማ

ሐምሌ 30 ቀን በሂሮሺማ ሰማዩ ጥሩ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ ቦምቡ ተጣለ። ኃይሉ 15 ሺህ ቶን ፈንጂ ያህል ነው። በእኛ ስፍር 150 ሺህ ኩንታል ማለት ነው።

ነሐሴ 3 ቀን ተራው የኮኩራ ነበር። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ተመላለሰባት። ደመናና ጢስ ስለ ሸፈናት ግን አልታየችም። ነዳጅም እያለቀ ሄደ። ስለዚህ ወደ ናጋሳኪ አቀና። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ እሷ ተመታች። የኮኩራ ሰው በዚያች ቀን ሞት በላዩ ዞሮ እንደ ሄደ አያውቅም ነበር።

እስከዚያ የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ድረስ በሂሮሺማ ወደ 140 ሺህ፣ በናጋሳኪ ወደ 70 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ።

እንግዲህ ለአባታችን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የሁለቱ ከተሞች ሰዎች ከሌላው የተለየ ያደረጉት የለም። አንዷን ከተማ ስፋቷና ኮረብታዋ አስመረጣት። ሌላዋን የአንድ ሰው ክርክር ወደ ዝርዝሩ አስገባት፣ የሌላ ከተማ ደመና ደግሞ አስመታት። ስማቸውን በወረቀት የጻፉት እንደ እኛ ማንበብና መጻፍ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። እኛን ዘማቾቹን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ይህ ነው። ዕውቀት ለምን እንደሚውል መጠየቅ የተማረ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው እንላለን።

ከእሳቱ የተረፉት ጃፓናውያን ያዩትን ለዓለም ሲናገሩ ኖረዋል። ማኅበራቸውም በ2017 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል።

ጥያቄዎች

1. መራጮቹ ያልተቃጠለ ከተማ የፈለጉት ለምንድን ነው?
2. ኪዮቶ ከዝርዝሩ እንዴት ወጣች?
3. ኮኩራን ምን አዳናት?
4. እናንተ በዚያ ስብሰባ ብትቀመጡ ምን ትሉ ነበር? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩበት።