የቀለም ንጽሕና በኦርጋኒክ ብርሃን ሰጪ ቁሶች፦ ለስክሪንና ለመብራት አንድ መመዘኛ ይበቃልን?

በላሊበላ በቤተ ማርያም ጣሪያና ግድግዳ ላይ ያሉት ጥንታዊ ሥዕሎች ለብርሃን ተመራማሪ ሁለት ጥያቄዎችን ያቀርባሉ። የሥዕሎቹ ቅጂ በስክሪን ላይ ቀለሙን ሳይለቅ እንዲታይ ምን ዓይነት ብርሃን ሰጪ ያስፈልጋል? ሥዕሎቹን በስፍራቸው ለማየትስ ምን ዓይነት መብራት ይስማማል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱ መልስ የተለያየ መሆኑን ማሳየት ነው።

ስክሪን ቀለማትን የሚፈጥረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በማዋሐድ ነው። የእያንዳንዱ ብርሃን ስፔክትረም በጠበበ ቁጥር ስክሪኑ ሊያሳያቸው የሚችላቸው ቀለማት ይበዛሉ። የንጽሕናው ዋና መለኪያም በስፔክትረሙ ከፍታ እኩሌታ ላይ የሚወሰደው ስፋት ነው። የኤሌክትሮን ለጋሽና ተቀባይ ክፍሎች ባሏቸው ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ይህ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ናኖ ሜትር ይሆናል። ኤሌክትሮኑ ከለጋሹ ወደ ተቀባዩ ሲሻገር የሞለኪውሉ ቅርጽ ይለወጣል፤ ኃይሉም በተለያዩ ንዝረቶች ይከፋፈላል።

ጃፓናዊው ኬሚስት ታኩጂ ሃታኬያማና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መፍትሔ ቦሮንና ናይትሮጅንን በአንድ ግትር የቀለበት መዋቅር ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። በዚህ መዋቅር ኤሌክትሮኑ የሚሻገረው በአጎራባች አተሞች መካከል ብቻ ስለሆነ የሞለኪውሉ ቅርጽ እምብዛም አይለወጥም። በ2019 እ.ኤ.አ. ይኸው ቡድን ከፍታው በ469 ናኖ ሜትር ላይ የሆነ፣ ስፋቱ 18 ናኖ ሜትር ብቻ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን አገኘ። ይሁን እንጂ ጠፍጣፋ ሞለኪውሎች በስስ ንብር ውስጥ ሲደራረቡ ስፔክትረሙ እንደገና ይሰፋል። ስለዚህ በዙሪያቸው ግዙፍ የጎን ቡድኖችን በመትከል ማራራቅ ያስፈልጋል።

ለመብራት ግን ጉዳዩ ይገለበጣል። የግድግዳ ሥዕል የሚያንጸባርቀው የወደቀበትን ብርሃን ብቻ ነው። ሦስት ጠባብ ስፔክትረሞች ተዋሕደው ለዓይን ነጭ መስለው ቢታዩም፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት የሚያንጸባርቅ ቀለም ይደበዝዛል ወይም ይለወጣል። ስለዚህ ለቤተ ማርያም ሥዕሎች የሚስማማው የሚታየውን ብርሃን በሙሉ ያለ ክፍተት የሚሸፍን መብራት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ለፀሐይ ሕዋስ የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርተዋል። በዚያ ዘርፍም የሚፈለገው ሰፊ የብርሃን ክልል የሚመጥ ቁስ ነው። በአገራችን የተካበተው የዚህ ዘርፍ ልምድ ለብርሃን ሰጪ ቁሶችም መነሻ ሊሆን ይችላል፤ የንድፉ ግብ ግን እንደ አገልግሎቱ ይለያያል።

በመስኩ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሞለኪውሉ ንድፍ አስቀድሞ አገልግሎቱን ይወስን። ውጤቱን ሲያቀርብም በእኩሌታ ከፍታ ላይ የተለካውን ስፋት ብቻ መጥቀስ አይበቃም። ይህ ቁጥር በረጅሙ የሞገድ ርዝመት በኩል የሚቀረውን ጅራት አያሳይምና፣ ሙሉ ስፔክትረሙ በሟሙም በስስ ንብሩም ተለክቶ ከቀለም መጋጠሚያ ነጥቦቹ ጋር ሊቀርብ ይገባል።